ሳይጣሉ መከራከር

ከጋሞ ደጋ፣ ከገረሴ ወርጄ አርባ ምንጭ የመጣሁት ነርስ ለመሆን ነው። ፍሬሽማን ሆኜ የመጀመሪያውን ክፍል ስገባ ግን ቦርዱ ላይ የተጻፈው «እውነት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። ይምጣም አይምጣ፣ እኔ የጥያቄውንም መልስ ቦርዱ ላይ የጻፈውንም ሰው ዓላማ አላወቅሁም።

የፍልስፍና መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሸሚዙን ጀርባው ላይ እያጣበቀበት ወዲያ ወዲህ እያለ ያስተምራል። «ወንበሩ መኖሩን እንዴት አወቃችሁ?» ይላል። እንዴት አወቃችሁ ማለት ምን ማለት ነው! ተቀምጬበት የለም እንዴ? አንዱ ደፋር ያንኑ መለሰለት። መምህሩም «በሕልምህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አታውቅም?» አለው። እኔም ወንበሬን ቀስ ብዬ በእጄ ነካሁት፤ ለምን እንደነካሁት ግን አላውቅም።

በዚያ ክፍል የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የምዕራብ ዓባያ ልጅ፣ አባቱ ባለሱቅ የሆኑ ሙስሊም። የምዝገባ ቀን ሰልፍ ላይ ተዋወቅን። አማርኛዬ ሲደነቃቀፍ አይስቅብኝም፤ ከቤቱ ሙዝ ሲመጣለት ያካፍለኛል። እሱ ባይኖር ኖሮ ገና ድሮ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ደጋ እመለስ ነበር።

ሴሚስተሩ ሲጋመስ መምህሩ በክርክር እንደሚፈትነን ነገረን። ሁለት ሁለት ሆነን ተቃራኒ ሐሳብ ይዘን እንሟገታለን። ማርኩ ብዙ ነው፤ ነርሲንግ የሚደርሰው ደግሞ ጥሩ ውጤት ላለው ነው። እኔና ጓደኛዬ አንድ ላይ ደረሰን። ርእሱ የሰው ዕጣ ነበር፤ እሱ ሰው ዕጣው ተወስኖ ይወለዳል ይላል፣ እኔ ሰው ራሱ ይወስናል እላለሁ።

እሱ ጀመረ። «ሙዝ እኛ ሜዳ ላይ ይበቅላል። ገረሴ ብርድ ውስጥ ብትተክሉት አያፈራም። ሰውንም የበቀለበት መሬት ይወስነዋል» አለ።

ተራዬ ሲደርስ ተነሥቼ የማውቀውን አደረግሁ። እኛ ጋ በዱቡሻ፣ የአገር ሰው ተሰብስቦ ነገር በሚያይበት ሜዳ፣ ቀጥሎ የሚናገር ሰው ዘሎ የራሱን አይዘረግፍም። መጀመሪያ የቀደመውን ሰው ንግግር ይደግማል፣ ያማረውን አማረ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው «እኔም ትንሽ ልጨምር» የሚለው። ሴት ልጅ መሃል ባትገባም ከዳር መስማትን የከለከለኝ አልነበረም። እናም የጓደኛዬን ንግግር አንድም ሳላስቀር ደገምኩ፤ ሙዙን አሞገስኩ፤ ብርዱም እውነት ነው አልኩ። «እኔም ትንሽ ልጨምር» ስል መምህሩ «ጊዜሽ አልቋል» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ተስማምተሻል ማለት ነው?» አለኝ መምህሩ።

«ኧረ አልተስማማሁም!»

«ታዲያ ለምን ትደግፊዋለሽ?»

አልደገፍኩትም፤ አከበርኩት እንጂ። አፍሬ ተቀመጥኩ።

ከክፍል በኋላ መምህሩ ጠራኝ። አለመቆጣቱ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። «ሳምንት ትደግሚዋለሽ። ግን የመጀመሪያው ቃልሽ ‹ተሳስተሃል› የሚል ይሁን» አለኝ።

«ጓደኛዬ ነው እኮ፣ መምህር።»

«የምትመቺው ሐሳቡን ነው፤ እሱን አይደለም።»

ሐሳቡ ከእሱ ወጥቶ የት እንደሚቆም ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ።

ለአባቴ ደውዬ ከጓደኛዬ ጋር እንደምከራከር ነገርኩት። «በምን ተጣላችሁ?» አለኝ።

«አልተጣላንም።»

«ሳትጣሉ ምን ያከራክራችኋል?»

«ለማርክ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲህ መምህሩ ያለሽን አድርጊ» አለ። ነገሩ እሱም እንደ እኔው እንደጨለመበት ከድምፁ አወቅሁ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወለምታውን ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ሰነበትኩ። «ተሳስተሃል» በአማርኛ ሲሆን ይወጣልኛል፤ በጋሞኛ ስሞክረው አፌ እምቢ ይለኛል።

ቀኑ ደረሰ። ጓደኛዬን እያየሁ «ተሳስተሃል» አልኩ። «እውነት ነው፣ ገረሴ ሙዝ አይበቅልም። በገበያ ቀን ገረሴ ብትወጣ ግን ሙዝ ትገዛለህ። ሙዙ በራሱ እግር ዳገቱን አልወጣም፤ ላውጣው ብሎ የወሰነ ሰው አለ። እኔም የበቀልኩት ገረሴ ነው፤ እዚህ የወረድኩት ግን ልማር ብዬ ነው።»

አጨበጨቡ። «ይኼ ነው ክርክር!» አለ መምህሩ ፊቱ በርቶ። ማለፌ ገባኝ። ደስታው ግን አልመጣም።

ልጆቹ ደብተራቸውን እየሰበሰቡ መውጣት ጀመሩ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እኛ ጋ የተሟገቱ ሰዎች እንዲህ በቀላሉ ተነሥተው አይበተኑም፤ ሽማግሌ መሃል ገብቶ አስታርቆ ሳይመርቃቸው ማንም ቤቱ አይገባም። መምህሩን አየሁት፤ የላፕቶፑን ገመድ እየጠቀለለ ነው። የሚመጣ ሽማግሌ የለም።

ጓደኛዬ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ምሳ ሊያልቅብን ነው» አለኝ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለምኑ?» አለ እየሳቀ።

እንባዬ መጣ። ሳቁን አቁሞ ትክ ብሎ አየኝ፤ ቦርሳውንም መሬት አስቀመጠ።

«እሺ፤ ይቅር ብዬሻለሁ» አለ፣ ምን እንዳደረግሁት ሳያውቅ። እግሬ የተንቀሳቀሰው ያኔ ነው።