ቡትቶ ውርስ

ዛሬ በስተርጅና የወለድኋትን ልጄን ለሽርሽር ጀልባ ላሳፍራት ወጥተን፣ በሩን መቆለፌን ላረጋግጥ ከመንገድ መለስኋት። ተቆልፏል። ጥቂት ሄደን ደግሞ መለስኋት። እኔ ጅል ሽማግሌ ቁልፉን ሳንቋቋ፣ «አባዬ፣ እኔም ልነቅንቀው?» አለችኝ።

የብረቱ ድምፅ አባቴን አመጣብኝ። ቄስ ነበሩ። ታንኳቸውን ጣና ዳር ካሰሩ በኋላ ገመዱን ደጋግመው ካልነኩ ከዚያ አይነሡም፤ እኔም እየተከተልሁ መንካት ጀመርሁ። አንድ ቀን ይህን አዩና እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ይሸታል፤ ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል።

«አባ፣ አሞዎት ነው?»

«አዎ። ይህን ቡትቶ ውርስ አንተ እንዳትወስድብኝ። በል፣ አንድ ነገር አውራኝ።»

ምን እንዳሉ ሳይገባኝ ስለ ዓሣ ቀባጠርሁላቸው።

እሳቸው ያን ያህል ታግለው፣ እኔ ከንቱ ቡትቶውን ለብሼው አረጀሁ! ደግሞ ለልጄ ላለብሳት!

እጆቼን ኪሴ ከተትሁ። «ተይው ልጄ፣ ይህ የእኔ እብደት ነው። ነይ፣ እያወራሽኝ እንሂድ።»

እያላበኝ ሄድሁ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጀልባው ሄዷል። የሽርሽሯ ዕዳ አለብኝ።