አዳዳ የዋጠችው ተምር

ባለፈው ሳምንት ከግድግዳው ባሻገር የጎረቤቴ ሕፃን ሲያስል ሰማሁ። ሳሉ ይከታተል፣ ይከታተልና መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል። ትክትክ ነው። እናቱን ከነልጇ ጤና ጣቢያ አድርሼ ስመለስ የአባቴ እህት ትዝ አለችኝ፤ በኦሮምኛው አዳዳ የምንላት።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እህቴ ዘይነባ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ለጋብቻ የደረስኩት እኔ ገና አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ስም በሚወጣለት ቀን አዳዳ ከሐርላ መንደር አይሱዙ ላይ ተሳፍራ፣ ሻሿ በአቧራ ነጥቶ፣ አንድ ቅል የፍየል ወተት ይዛ ደረሰች። ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ተምር አኝካ የሕፃኑን ላንቃ የምትቀባው እሷ ናት። ይህ ክብር የትልቅ ሰው ነው፤ ምራቁ በረካ አለው ይባላል።

«የልጅ ልጆችሽን ለምን አላመጣሽም?» አለቻት እናቴ።

«ትክትክ ይዟቸዋል። አራስ ቤት ትክትክ ይዤ ልግባ እንዴ?» አለችና ዐይኗ እንባ እስኪያቀር ራሷ ሳለች። «አቦ፣ የመንገድ አቧራ ነው። ይኸው ወር አለፈኝ።»

«የሐርላ መንገድ ወር ይፈጃል እንዴ?» አለች ዘይነባ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ትክትክ በትንፋሽና በሳል ፍንጣቂ እንደሚተላለፍ፣ ትልቅ ሰው ላይ ተራ ሳል እንደሚመስል፣ ክትባት ያልደረሰለትን ጨቅላ ግን ትንፋሽ እንደሚያሳጣ መምህራችን አስተምሮን ነበር። አዳዳ ደግሞ ማኘክ ጀምራለች።

«አዳዳ፣ ትክትክ ትልቅ ሰውም ይይዛል» አልኩ።

«ወላሂ፣ አራተኛ ክፍልም ሐኪም ያወጣል!» አለች አንዷ ጎረቤት። እናቴ በዐይኗ ገረፈችኝ።

አዳዳ ማኘኳን አቆመች። «ማነው ያለው?»

«መምህሩ። ላንቺ ሳል ነው፤ ጨቅላውን ግን ትንፋሽ ያሳጣዋል።»

ሕፃኑን አየችው። ትታቸው የመጣቻቸው ልጆች ሲያስሉ ፊታቸው እንዴት እንደሚጠቁር ታውቃለች። ተምሩን ዋጠችው። ተነሥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና በሻሿ አፏን ሸፈነች።

«ዘይነባ፣ ባልሽን ጥሪው፤ እሱ ያኝክለት። ዱዓዬ ከዚህም ይደርሳል።»

አዳዳ ካረፈች ቆየች። ሳሏ ትክትክ ይሁን አቧራ ማንም አልመረመረም። ልጁም አልታመመም፤ ያልመጣ በሽታ ደግሞ ምስክር የለውም። እኔ የሰማሁትን ተናገርኩ እንጂ ሌላ አላደረግኩም። ከሐርላ ድረስ የመጣችበትን ክብር፣ ያ ሁሉ ሴት እያየ፣ በአንዲት ተማሪ ቃል የተወችው እሷ ናት። አሁን እኔ በእሷ ዕድሜ ነኝ። እንደዚያ ቶሎ ማመን እችል እንደሆን እንጃ።