የዌልሱ ሰውዬ ኮት

የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚነሳው ሽታ አባቴን ሳያስከትል መጥቶ አያውቅም። ትናንት አመሻሽ ላይ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ስተኩስ ያው ሽታ ወጣ። ከጎናችን ካለው ሻይ ቤትም የኳስ ጩኸት ሰማሁና አንገቴን ብቅ አደረግሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ የዌልሱ ሰውዬ ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ሜዳው ዳር ቆሞ ተጫዋቾቹን ይቆጣል። እዚያ የተቀመጡት ወጣቶች አሰልጣኝነቱን እንጂ ተጫዋችነቱን አልደረሱበትም። እኔ ግን ቁምጣ ለብሶ ሲሮጥ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በአባቴ ምክንያት።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሲሰፋ ነው ያረጀው። ቅዳሜ ገበያው ጋብ ሲል፣ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት ብቻ ሲቀር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ እዚያ ሻይ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ሌሎቹ ጎል የሚያገባ ይወዳሉ። እሱ የሚወደው ይህን የግራ ተከላካይ ነበር። ለምን ሲሉት «ዳኛ ላይ አይጮህም፤ ሲወድቅም ቶሎ ይነሳል» ይላል። በዚያ ላይ አገሩ ተራራና በግ ነው ሲባል ሰምቷል። «የኔው አገር ሰው ነው፤ እናንተ ምን ታውቃላችሁ!» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ አጠገቡ መስፋት ከጀመርኩ በኋላ ሰውዬው ጉልበቱ እምቢ አለውና ጫማውን ሰቀለ፤ አሰልጣኝ ሆነ። መጀመሪያ ሙሉ ልብስ ለብሶ የታየ ዕለት አባቴ ከንፈሩን መጠጠ።

«ማነው የሰፋለት? ትከሻው ላይ ተሸበሸበ እኮ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ። «የለም፣ ሰፊው አልበደለም። ሰውዬው ነው ገና ሜዳ ውስጥ ያለው። ትከሻውን እያየሽ ነው? እየተጫወተ ነው።»

ወዲያው ኳሷ ከመስመር ወጥታ ወደ አሰልጣኙ ተንከባለለች። በጥሩ ጫማው አቆማትና ሊነዳት ቃጣው። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!» አለ አንዱ፤ ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ግን አልሳቀም።

የእሱም ዓይን መድከም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት በመርፌዎቹ ሁሉ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። «እጅሽ እንዲለምድ ብዬ ነው» ይለኛል፤ ያመንኩት መስዬ አስገባለሁ። እናቴ አንድ ቀን የስፌት መኪናውን ለልጅህ ብትለቅላት ምን አለ ብትለው «ከዚህ ወንበር ከተነሳሁ በኋላ ምን ልባል ነው?» ብሎ አኩርፏት ሰነበተ። እኔማ ጨርሶ አልደፈርኩም።

እንዲህ እያለ አንድ የእህል በረንዳ ነጋዴ፣ የድሮ ደንበኛችን፣ ልጁን ሊድር ያዘዘውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ሊለካ መጣ። ኮቱን ለበሰና ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ እጆቹን ዘረጋ። አንደኛው እጅጌ ጥቁር ነው፤ ሌላኛው ጠቆር ያለ ሰማያዊ። አባቴ ሁለቱን ጨርቆች መለየት አቅቶት ነበር። ነጋዴው እኔን አየ፣ አባቴን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ እጅጌ ያዝ አደረገኝ። ይፍቱልኝና ሰኞ ብቅ እላለሁ» አለ። አላህ ይስጠው፣ የቀለሙን ነገር አላነሳበትም።

ነጋዴው ሲሄድ አባቴ ኮቱን በጣቶቹ ዳሰሰው። እጅጌው እንደማይጠብ ከማንም በላይ ያውቃል።

«ምንድነው ልጄ? ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አምፖሉን ይራገም ነበር። ያን ቀን ግን መቀሱን አንስቶ ስፌቱን በጣቱ እየፈለገ እጅጌውን ራሱ ፈታው። አንጀቴን በላው።

በዚያው ቅዳሜ ሻይ ቤት ይዤው ሄድኩ። የዌልሱ ሰውዬ ከመጀመሪያው ክለብ ተባሮ አነስ ያለ ቡድን ይዞ ነበር። አባቴ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦም ወደኔ ዞረ።

«የሰውዬው ኮትስ? ትከሻው ላይ አሁን እንዴት ነው?»

«ልኩ ነው አባዬ።»

እውነቴን ነበር። ኳሷ አሰልጣኙ እግር ሥር መጥታ ቆማ እንኳ ተጫዋቹ እስኪያነሳት ዝም ብሎ ጠበቀ። ይህንንም ነገርኩት።

«አልነካትም?»

«አልነካትም።»

ሻዩ ፊቱ በረደ። እኔም ከዚያ በኋላ ኳሱን አላየሁትም።

ሰኞ ነጋዴው ሲመጣ አባቴ የደንበኞችን ዱካ ጎትቶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«እሷ ናት የምትሰፋልህ» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ናት።»

ነጋዴው አንገቱን ደፋ አድርጎ «ከእጅዎ የወጣች አይደለች፤ ምን ልዩነት አለው ጋሼ» አለ።

ተቀመጥኩ። ፔዳሉ በእሱ እግር ልክ አንድ ጎኑ ተበልቶ ኖሮ እግሬን ያንሸራትተኝ ነበር። እጅጌው ግማሽ ላይ ስደርስ ከሥር ክሩ ተተበተበና የመኪናው ድምፅ ተለወጠ። አባቴ ያን ድምፅ ከማንም ቀድሞ ነው የሚሰማው። ዱካው ሲንቋቋ ከኋላዬ ሰማሁ፤ ሊነሳ ነበር። ጥላው ጨርቁ ላይ ወደቀ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተመለሰ።

«ፍቺውና እንደገና ጀምሪ» አለኝ።

ዞሬ ላየው ፈለግሁ። ግን እንዳየው የሚፈልግ አልመሰለኝም፤ አጎንብሼ ክሩን መፍታት ጀመርኩ።