ትራፊክ በሌለበት ያበራሁት መብራት

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴማ እንዴት ብዬ! ዛሬ ግን ይውጣልኝ፤ ዋሽቻለሁ። በአፌ ሳይሆን በመኪናዬ መብራት ዋሽቻለሁ።

በደርግ ጊዜ ከአስኮ መርካቶ ውይይት ታክሲ እነዳ ነበር። ያኔ ትርፍ ሰው የማይጭን ሾፌር አልነበረም። ታዲያ እኛም የራሳችን ቋንቋ ነበረን። ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ ካለ፣ ከዚያ የሚመጣው ሾፌር ሁለቴ መብራት ብልጭ ያደርግልሃል። ትርፎቹ ይወርዱና ትራፊኩን በእግራቸው አልፈው፣ ወዲያ ማዶ መልሰው ይሳፈራሉ። መንዳቱንም ይህንን ቋንቋም ያስተማሩኝ ጋሽ ንጉሤ ናቸው። «መብራት ቃል ነው፤ በእሱ እንዳትቀልድ» ይሉኝ ነበር።

ቀለድኩ። ለምን? አልማዝ ለምትባል ነርስ ብዬ! ጠዋት ጠዋት የጋሽ ንጉሤ ታክሲ ላይ ትርፍ ሆና ትሳፈራለች፤ እኔ ስደርስ ሄዳለች። አንድ ቀን ባዶዬን ስመለስ የእሳቸው ታክሲ ጢም ብሎ ሞልቶ መጣ። መንገዱ ላይ እንኳን ትራፊክ ድመትም የለ። እኔ ግን ሁለቴ ብልጭ አደረግሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ጋሽ ንጉሤ እጃቸውን አውጥተው አመሰገኑኝና ትርፎቹን አወረዱ። እኔ ዞሬ መጣሁ፤ ሁሉንም ለቃቅሜ አልማዝን ጋቢና አስቀመጥኳት። ጋሽ ንጉሤ ወዲያ ማዶ ቆመው ሲጠብቋቸው አልፈናቸው በረርን።

ከሰዓት ሳገኛቸው «የታለ ትራፊኩ?» አሉኝ።

«ወዲያው ሄደ» አልኳቸው። ሁለተኛ ውሸት!

በዓመቱ ለአልማዝ ቤተሰብ ሽማግሌ አድርጌ የላክኋቸው እሳቸውኑ ነው። ሠርጉ ላይ ተነሥተው «እነዚህን ልጆች ያገናኘ ያ ትራፊክ ይባረክ!» ብለው መረቁ። ሠርገኛው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ወይ ድፍረት!

ልጃችን አሁን መሐንዲስ ነው። መኪኖች የመንገዱን ሁኔታ እርስ በርስ እየተነጋገሩ የሚሄዱበት ዘመን መጥቷል ይለኛል። «አስቸጋሪው ግን፣ አባዬ፣ አንዷ መኪና የዋሸች እንደሆነ ነው» ሲለኝ ትን አለኝ። አንተ ልጅ፣ አንዷ ባትዋሽ ኖሮ አንተ ከየት ትመጣ ነበር?

ጋሽ ንጉሤ ዛሬም አስኮ አሉ። እሑድ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። «ያ የባረኩት ትራፊክ እኔ ነበርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ» እላቸዋለሁ። «ተጸጽተሃል ወይ?» ካሉኝ ግን፣ ለሦስተኛ ጊዜ አልዋሻቸውም።