የቅጹ ጀርባ

ባየሽ ፈንቴን የማያውቅ ሰው ጓንግ ማዶ ከተማ ቤት ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ለሱቅም ይሁን ለመኖሪያ የግንባታ ፈቃድ የፈለገ ሁሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ባለችው የመዝገብ ክፍል በር ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ "ኧረ ባየሽ፣ ፋይሌን!" ብሏል። ክፍሏ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ናት፤ በሚያዝያ ፀሐይ እዚያ ውስጥ መቀመጥ ብቻውን ደመወዝ ያስጨምር ነበር፣ የሚጨምር ቢገኝ። ባየሽ እዚያች ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጣለች። ሥራዋ ምንድን ነው ቢባል ከተማው ሁሉ "ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ታስገባለች" ነው የሚለው። እንዲህ ነን እኛ! በየሦስት ወሩ የከተማዋን የግንባታ ፈቃድ ቆጥራ ወደ ላይ የምትልከው እሷ መሆኗን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

አባቷ አቶ ፈንቴ ከበለሳ ወደ ቆላ የወረዱ ገበሬ ናቸው። እሷም በወጣትነቷ አብደራፊ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ስታበጥር፣ ኋላም ጆንያ ስትቆጥር ነው የኖረችው። ስትቆጥር ሰው ካናገራት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች በዚህ ነገር ስንቴ ተጣልተዋታል! "አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት መቶ ደርሰሽ ነበር እኮ!" ይሏታል። "ደርሼ ከነበረ አሁንም እደርሳለሁ" ትላለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። አሥረኛ ክፍልን የጨረሰችው እየሠራች ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የገባችውም በተላላኪነት ነበር። ግትር ናት፤ ምላሷም ቀላል አይደለም።

የምትኖረው ከከተማዋ ዳር፣ አዲሱ ሰፈር በሚባለው ነው። አዲሱ ሰፈር ሁሉም ነገር አለው፤ ውሃ ብቻ የለውም። ያለው አንድ ቦኖ አሮጌው ከተማ ውስጥ ስለሆነ የሰፈሩ ሴት ጎህ ሲቀድ ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል፤ ወረፋ ያልደረሰው የአህያ ጋሪ ይጠብቃል፤ ጋሪው ከቀረ ወንዝ ይወርዳል። የባየሽ ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ያለው በዚሁ ነው። ሐኪሙ "ሸክም ተዪ" ቢላት "ታዲያ ውሃውን አንተ ታመጣልኛለህ?" ብላው ወጣች።

ባለፈው ሚያዝያ መጀመሪያ ከላይ ደብዳቤ መጣ። አዲስ የውሃ መስመር ሊዘረጋ ነው፤ ግን ለሁሉም ከተማ አይዳረስም። እስከ መጋቢት መጨረሻ ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ቢያንስ ለመቶ ሃያ አዳዲስ መኖሪያዎች የግንባታ ፈቃድ የሰጠ ከተማ ብቻ ነው የሚያገኘው። ማስረጃው የፈቃዶቹ ስታቲስቲክስ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይላክ ይላል።

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ቢሆነኝ የሚባል ወጣት መሃንዲስ፣ ደብዳቤውን ይዞ እየሮጠ መጣ። "እትዬ ባየሽ፣ ስንት አለን?"

ባየሽ መዝገቧን ገለጠች። "አርባ ሰባት።"

ቢሆነኝ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "በቃ፣ ቀረብን።"

ባየሽ ግራ ገባት። በየቀኑ የምታየው ሰፈር፣ ግራና ቀኙ ቤት በቤት የሆነው ሰፈር፣ እንዴት አርባ ሰባት ብቻ ይሆናል? ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ግን "አንድ ፋይል፣ አንድ ቤት" ብሎ አሳይቷት ነው የሄደው። እሷም አሥራ አራት ዓመት እንደዚያው ስትጽፍ ኖራለች።

ያን ሳምንት ደግሞ የፎቶኮፒ ማሽኑ ተበላሸ። የሪፖርት ቅጹ አልቆ ስለነበር ባየሽ የዞኑ ከተማ ገንዳ ውሃ ድረስ ሄዳ ከማተሚያ ቤት የወጣ አዲስ ቅጽ ተቀበለች። ስትመለስ ሚኒባሱ ኮኪት ከተማ ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ቅጹን ማራገቢያ አድርጋ ስታወዛውዘው፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አየች።

ጉድ እኮ ነው! ለካ ማዘጋጃ ቤቱ ስንት ዓመት ሙሉ የወረቀቱን ፊት ብቻ ፎቶኮፒ ሲያደርግ ኖሯል። አቆጣጠሩ የተጻፈው በጀርባው ነው፣ በደቃቅ ፊደል። መኖሪያ ማለት ፋይል አይደለም ይላል፤ ሕንፃም አይደለም። አንድ ቤተሰብ ለብቻው የሚገባበት በርና ለብቻው የሚያበስልበት ቦታ ካለው፣ በአንድ ጣሪያ ስር አምስት ቢሆኑ አምስት ተብለው ይቆጠራሉ።

"ኧረ በማርያም!" ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ እባብ የታየ መስሎት እግሩን ሰበሰበ።

እስቲ አስቡት። በእኛ በቆላው ሰው ቤት ሲሠራ ረጅም ቆርቆሮ ይዘረጋና ከስሩ አራት አምስት በር ያወጣል፤ ባንዱ ይኖራል፣ የቀረውን ያከራያል። "እከሌ እኮ ባለ አምስት በር ሠራ" ተብሎ ይወራለታል። የባየሽ መዝገብ ላይ ግን አንድ ቤት ሆኖ ቁጭ!

ቢሆነኝ ይህን ሲሰማ በደስታ ዘለለ። ራሱ ፋይሎቹን አገላብጦ በሮቹን ደመራቸው። "መቶ ሃምሳ ስምንት! እትዬ፣ ዛሬውኑ ላኪው!"

"በር አይደለም የሚቆጠረው፣ መኖሪያ ነው" አለች ባየሽ። "ከነዚህ ውስጥ የሱቅ በር አለ። የሰሊጥ መጋዘን አለ። ሳሉግ የሚያድርበት አለ፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሃያ ሆኖ የሚተኛበት አዳራሽ እንዴት ብሎ መኖሪያ ይባላል? ማብሰያ የለው!"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለኋ!"

"አንቺም እኮ ውሃ ተሸካሚ ነሽ" አላት ቢሆነኝ።

ይቺ ቃል ውስጧ ገባች። ከእሷ በላይ ውሃውን የሚፈልግ ማን አለ? ግን መጋዘን መኖሪያ ነው ብላ ጽፋ አንድ ሰው መጥቶ በሩን ቢከፍተው፣ እውነተኞቹም አብረው ውሸት ይሆናሉ። "ቆጥሬ እሰጥሃለሁ፤ እስከዚያ ተወኝ" አለችና በሩን ዘጋችበት።

ሁለት ሳምንት ፕላኖቹን ወለል ላይ እየዘረጋች በር በበር፣ ማብሰያ በማብሰያ አየች። ያልገባት ሲኖር ፀሐዩ በረድ ሲል በእግሯ ሄዳ ታያለች። ወሬው ደግሞ ይሮጣል። ጎረቤቷ መጂዳ፣ በድንበር ንግድ ለፍታ ስድስት በር የሠራች ሴት፣ ቢሮ ድረስ መጣችባት።

"አንቺ ባየሽ፣ አራት ብለሽ ጻፍሽኝ አሉ! ወላሂ ስድስት በር ነው ያለኝ!"

"ሁለቱ የማሽላ መጋዘን ነው፣ መጂዳ።"

"እና ማሽላ ውሃ አይጠጣም ልትይኝ ነው?"

"አይጠጣም።"

መጂዳ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት።

ባየሽ ስትጨርስ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ጀርባውን ደግማ ስታነበው፣ የተሰረዘ ፈቃድ ይቀነስ ይላል። ሁለት ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ፈቃዳቸውን መልሰው ነበር፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መኖሪያ። መቶ አሥር። አሥር ጎደለ! ባየሽ ብዕሩን ወረወረችው። ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ምነው ያን ጀርባ ባላየሁት አለች፤ እውነቷን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ብዕሩን ከጠረጴዛው ስር ፈልጋ አነሳችና እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። ታች፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ስለ ማስፋፊያ የተጻፈ ነበር። ነባር ቤት ላይ የሚቀጠል ግንባታ አዲስ ሕንፃ ተብሎ አይቆጠርም፤ የሚያስገኘው አዲስ መኖሪያ ግን ይቆጠራል። ባየሽ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። የማስፋፊያ ፋይሎች አቧራ ለብሰው፣ በሲባጎ ታስረው ከላይ ተቀምጠዋል፤ አዲስ ቤት አይደሉም ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ገብተው አያውቁም።

ሲባጎውን ፈትታ የእነዚያን አሥራ ሁለት ወራት አሥራ ዘጠኝ ፋይል አንድ በአንድ አየች። በረንዳ አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ ሱቅ አለ፤ እነዚህን ወደ ጎን። ልጁን ኩሎ ድሮ ጎጆ የሚያወጣ አባት ግቢው ውስጥ በሩም ማብሰያውም ለብቻው የሆነ ቤት ቀጥሎለታል፤ ይህን ወደዚህ። አሥራ አንድ መኖሪያ! መቶ ሃያ አንድ! ሦስት ጊዜ ከአንድ ጀምራ ደገመችው። ሦስቴም መቶ ሃያ አንድ። ብቻዋን ከት ከት ብላ ሳቀች።

"አንድ ብቻ ነው እኮ የተረፈን" አለ ቢሆነኝ፣ እያመነታ ሲፈርም።

"አንድ ይበቃል።"

በግንቦት አጋማሽ አጣሪ መጡ። ወይዘሮ ትርሐስ ይባላሉ፤ ጠና ያሉ፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ከፋይሎቹ አሥራ አምስት ራሳቸው መዘዙና "ተነሱ፣ እንሂድ" አሉ። በዚያ ንዳድ ቤት ለቤት ዞሩ። መጂዳ ጋ ሲደርሱ ሁለቱን በሮች አስከፍተው የማሽላ ጆንያ አዩ፤ "አራት፣ ልክ ነው" ብለው ምልክት አደረጉ። መጂዳ የባየሽን ፊት አየችና ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነችው። አሥራ አራቱም ፋይል አንድ ሳይዛነፍ ተገኘ።

አሥራ አምስተኛው ባየልኝ የሚባል ሰው ነበር፤ በሰነዱ አራት መኖሪያ። ቦታው ሲደረስ ሜዳ ነው። ከክምር ድንጋይ በቀር ምንም የለበትም።

ወይዘሮ ትርሐስ ጃንጥላቸውን አጠፉ። "ቤቱ የታለ?"

ባየሽ በሐሳቧ ቀነሰች። አራቱ ከተሰረዙ መቶ አሥራ ሰባት ይቀራል፤ ውሃውም አለቀለት።

ቢሆነኝ ዘሎ ገባ። "መሠረቱ እኮ ተቆፍሯል፤ ነፋሱ አፈር አልብሶት ነው እንጂ..."

"አልተቆፈረም" አለች ባየሽ።

ቢሆነኝ በዓይኑ ሊበላት ደረሰ።

"ምንም አልተቆፈረም፣ እመቤቴ። ባየልኝ ሲሚንቶ እየጠበቀ ነው። ግን አይሰረዝም።"

"ለምን አይሰረዝም?"

"እኔ ቤት አልቆጠርሁማ! የቆጠርሁት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ጥር አሥራ አራት ቀን ተፈርሞ ወጥቷል፤ አልተሰረዘም፤ ጊዜውም አላለፈበትም። ስለዚህ የጥር ነው። ነገ ሲገነባ ደግሜ አልቆጥረውም። የተጀመረና ያለቀ ቤት ሌላ ቁጥር ነው፣ ለብቻው ይጠየቃል። ይኼኛው ሰዉ ሊሠራ ያሰበውን ነው የሚናገር። እርስዎ የባየልኝን አራት ስላልተሠራ ከሰረዙብኝ፣ የተሠሩትንም ይሰርዙብኝ፤ እነሱንም ስለተሠሩ አይደለም የቆጠርኋቸው። ውሃውስ ቢሆን ለሚመጣ ሰው አይደል የሚዘረጋ?"

ባየሽ ፋይሉን ገልጣ የጥሩን ፊርማ አሳየቻቸው።

ወይዘሮ ትርሐስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ዘጠኝ ከተማ ዞሬያለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "በየደረስሁበት ባዶ ቦታ ፈልጌ ይቺን እጠይቃለሁ። ግማሹ ይዋሸኛል፤ ግማሹ ደንግጦ በገዛ እጁ ይሰርዛል። የምትቆጥረውን ለይታ የምታውቅ ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ።" ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ ዘርግተው "መቶ ሃያ አንድ፣ ትክክል" ብለው ፈረሙ።

ሲመለሱ ቢሆነኝ አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ፣ እትዬ" አላት።

"ግዴለም" አለች ባየሽ። "ያን የቆፈርኸውን መሠረት ብቻ መልሰህ ድፈነው።"

በሐምሌ የጓንግ ማዶ ስም ከተመረጡት ከተሞች ጋር ወጣ። በመስከረም ባየሽ ገንዳ ውሃ ተጠርታ የሌሎች ከተሞች መዝገብ ሠራተኞችን ሁለት ቀን አስተማረች፤ ተላላኪ ሆና የገባችው ሴትዮ! ክረምቱ አልፎ ምድሩ ሲደርቅ ቦዩ ተቆፈረ፣ ቱቦው ተቀበረ። መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ቧንቧው ተከፈተ። መጀመሪያ አየር ብቻ ተፋ። ቀጥሎ ቀይ ጭቃ። ከዚያ ኩልል ያለ ውሃ መጣ፤ እልልታው ከዚያ ማዶ ተሰማ።

ባየሽ በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኗ አልታዘዝ አላት። ዞር ብላ በመዳፏ ስትጠርግ፣ መጂዳና ሌሎቹ ሴቶች ሙሉ ጀሪካን ተሸክመው ከኋላዋ መጡና አናቷ ላይ ገለበጡባት። እነዚያ አንዲት ኩባያ ውሃ መሬት ቢነካባቸው የሚያዝኑ ሴቶች፣ ሃያውንም ሊትር!

"ምን ነካችሁ፣ እናንተ! ይኼን የመሰለ ውሃ!" እያለች ጮኸችባቸው። ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቋል፤ ፀጉሯ ይንጠባጠባል፤ ሴቶቹ በሳቅ ሊሞቱ ነው። ባየሽ ፊቷን ጠረገች፣ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው፣ ከዚያ ጎንበስ አለችና ራሷን ወደ ጀሪካኑ አስጠጋች።

"እስቲ ድገሙኝ" አለች።