በዘር ገብሱ ውስጥ የተቀበረው ጠርሙስ

ታላቅ ወንድሜን «አያ» ነበር የምለው። ስለ እሱ ልጽፍ ስል እጄ ይቆማል። እንግዲህ ከበቅሎዋ ልጀምር።

ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን ነው። እኛ የምንኖረው ከደባርቅ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ነበር። ያን ዓመት አያ እንቅልፍ አጣ። ብቻውን ያወራል፤ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ አንዳንዴም ወደ ገደሉ ይሮጣል። ጠበል አስጠመቅነው፤ ጥቂት ተሽሎት ሰነበተና ሕመሙ ተመለሰበት። ጎንደር ሐኪም አለ ሲሉን አባቴ በቅሎ ተዋሰ። እናቴ ገመድ ይልጠዋል ብላ እጁን በመቀነቷ አሰረችው።

«ምነው፣ ልትድሩኝ ነው?» አለ አያ በቅሎዋ ላይ ሆኖ። «አጃቢው አነሰሳ! አንተ ትንሹ፣ ዝፈን እንጂ!»

አባቴ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

መንገድ ላይ እያደርን፣ በየኬላው እየተፈተሽን፣ ወለቃን አልፈን ጎንደር ገባን። ሐኪሙ ጣሊያን ነው። አስተርጓሚው ባጭሩ ነገረን፦ «ማታ ማታ አንድ ማንኪያ። ደህና ቢሆንም እንዳታቋርጡ። ሲያልቅ ተመለሱ።» ትልቅ ጠርሙስ ሰጡን። ዘመድ ቤት ሰነበትን፤ አያ መድኃኒቱን እየጠጣ እንቅልፍ አገኘ። አንድ ጠዋት እንደ ድሮው በስሜ ጠራኝ።

አገራችን ስንመለስ እናቴ ፊቱን አይታ፣ «ሸጋ ሆነልኝ» አለች። ጠርሙሱን ተቀብላ የዘር ገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበረችው።

«አታቋርጡ ብለዋልኮ» አላት አባቴ።

«ሲያልቅ ማን ያመጣልናል? በቅሎዋ የሰው፣ መንገዱ ኬላ። አሁን ደህና ነው፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።»

እኛ ዘንድ ዘር አይበላም። የቱንም ያህል ቢርብ ያ ጎታ አይነካም። መድኃኒቱንም እንደዚያው አየችው። አያ ሲረበሽ አውጥታ ታጠጣዋለች፤ ሲረጋ መልሳ ትቀብረዋለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት በሬዎቹን ላጠጣ ብሎ ወጣ። የረጋ ይመስል ነበር። በሬዎቹ ብቻቸውን ተመለሱ። አያን ከገደሉ ሥር አገኘነው።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የዘር ጊዜ ደርሶ ጎታው ሲከፈት ጠርሙሱ ወጣ። ከግማሽ በላይ ነበረው። አባቴ ሊደፋው ሲል እናቴ ከእጁ ወሰደችው። በቀሚሷ ጠረገችና ከተረፈው ገብስ ሥር መልሳ አስገባችው።

«አሁን ለማን?» አላት አባቴ።

«የጎረቤት ልጅ ቢታመምስ?» አለች። «ጎንደር ሩቅ ነው።»