ከሰቆጣ የመጣ ሰባት ቁራሽ

ጥር አሥራ ሦስት ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በሶና አንድ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ነበር። የጉዞው ምክንያት ወረቀቱ ነው። «ወደ አባልነት እንድመለስ በትሕትና አመለክታለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው። መፈረም ያለበት ሰው ያለው ሰቆጣ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ ተምረን የተመለስን አሥራ ሁለት ሰዎች የስካንዲናቪያ ጥናት ማኅበር አቋቁመን ነበር። የእነዚያን አገሮች ቋንቋና ታሪክ እናጠናለን፣ እንተረጉማለን። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ተሰብስበን ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። መተዳደሪያ ደንቡንም ከአንድ የባሕር ማዶ ማኅበር ደንብ ቃል በቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬንም እወደው ነበር። ሰው ሲያወራ አንቀጽ እየጠቀስኩ አፍ አስዘጋ ነበር ብል አላበልኩም።

አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ዓመታዊ ስብሰባ በተከታታይ የቀረና ምክንያቱን ስብሰባው ከመድረሱ ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ ያላስታወቀ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል።

አቶ ምሕረቱ በዚህ አንቀጽ ተሰረዘ። ስዊድን አገር ሁለት ዓመት አንድ ክፍል የተጋራን፣ ስታመም ሾርባ የሠራልኝ ሰው ነው። ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ሰቆጣ ተመልሶ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ቀረ፤ ደብዳቤም አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት፣ አምና በመስከረም ማለት ነው፣ ደብዳቤው የደረሰኝ በስብሰባው ዕለት ጠዋት ነበር። ይዤው ገባሁ። አንቀጽ ዘጠኝን አነበብኩና «ሰባት ቀን ዘግይቷል» አልኩ። የተከራከረኝ የለም። ስሙን በቀይ ቀለም የሰረዝኩት በዚህ እጄ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንዱ ሞተብን፣ ሁለቱ ለሥራ ውጭ አገር ሄዱ፣ አንዱ ከሊቀ መንበሩ ጋር ተኳርፎ ወጣ። ሰባት ቀረን። ለምልዓተ ጉባኤ የሚያስፈልገው ስምንት ነው። ስምንት ካልሆንን ደንቡን መለወጥ አንችልም፤ ደንቡን ካልለወጥን ደግሞ ሰባት ሆነን መሰብሰብ አንችልም። ለየካቲት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ያኔም ካልሞላ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። በደንቡ መሠረት የተሰረዘ አባል በፊርማው ካመለከተ በሊቀ መንበሩ ፈቃድ ብቻ ተመልሶ ይቆጠራል። ሊቀ መንበራችን «አንተ ያስወጣኸውን አንተ መልሰው፤ ፊርማውን ብቻ አምጣ» አለኝ።

ኮረም

የመጀመሪያውን ቀን ደሴ አደርን። በማግሥቱ በወልዲያና በአላማጣ አልፈን፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት አውቶቡሱ እያቃሰተ ወጥቶልን፣ አመሻሽ ላይ ኮረም ገባን። ብርዱ አጥንት ይገባል። የአልጋው ብርድ ልብስ ቀጭን ስለነበር ሹራቤን ለብሼ ተኛሁ።

ሰቆጣ በበቅሎ ነው የሚኬደው። በማግሥቱ በቅሎ ፍለጋ ስዞር አንድ ባለ ሱቅ ዘንድ መሩኝ። የሰቆጣ ደብዳቤም የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው፤ ከጨው ከረጢቱ በላይ ባለች መደርደሪያ ላይ።

«በየስንት ቀኑ ነው ደብዳቤ የሚመጣውና የሚሄደው?» አልኩት።

«ቀን የለውም ጌታዬ። የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይሄዳል፣ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይመጣል።»

«በክረምትስ?»

ስኳር እየመዘነ ቀና ብሎ አየኝና «በክረምትማ ጸለሪ ሲሞላ ማን ይሻገራል?» አለኝ።

ደንቡ በተቀዳበት አገር ዛሬ ፖስታ ቤት የገባ ደብዳቤ ነገ በር ላይ ይገኛል። ይህን ሁለት ዓመት ኖሬበት አውቀዋለሁ። ኮረምን ግን አላውቃትም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅ።

ጸለሪ

አሥራ ስድስት ቀን ማለዳ ከአያ ስዩም ጋር ተነሣን። አያ ስዩም ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ፣ በሁለት በቅሎ ማርና ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። ከአማርኛው ይልቅ አገውኛው ይቀናቸዋል፤ በቅሎዎቹንማ የሚቆጡት በአገውኛ ብቻ ነው። ለአንዷ በቅሎ ስድስት ብር ተስማማን። ቁልቁለቱን በእግሬ፣ ድንጋይ እየተደገፍኩ ወረድኩት፤ በቅሎዋ እንኳ ታዝባኛለች መሰለኝ።

ጸለሪ ወንዝ ስንደርስ ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፤ ጠጠሩ ይታያል። በቅሎዎቹ ሲጠጡ አያ ስዩም ከዳር ያለ ትልቅ ሾላ አሳዩኝ። ከሰው ቁመት በላይ ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተሰክቷል።

«ውኃው ነው እዚያ የሰቀለው። ያምናው መስከረም ሊጠባ ሲል የመምህር ምሕረቱን ደብዳቤ ይዤ ከወዲያ ማዶ ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብያለሁ። ለአዲስ አበባ ነው፣ ቶሎ መድረስ አለበት ብለውኝ፣ እንዳይረጥብ ቅል ውስጥ ከትቼ አፉን በሰም ደፍኜዋለሁ። በአሥረኛው ቀን ቅሉን አናቴ ላይ ተሸክሜ ተሻገርኩ። ውኃው እስከዚህ ነበር» ብለው ብብታቸውን ነኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ደረሰላቸው?»

«ደርሷል» አልኩ።

«ተመስገን። እኔስ በከንቱ ለፋሁ ብዬ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደብዳቤው ላይ ሐምሌ ሃያ ስምንት የሚል ቀን ተጽፎበት ነበር፤ አይቼዋለሁ። አንቀጹ የሚጠይቀው የደረሰበትን ቀን ነው ብዬ የተጻፈበትን ዘለልኩት። እስከ ማታ ማደሪያችን ድረስ ከአያ ስዩም ጋር ብዙም አላወራሁም። እሳቸው ድካም መስሏቸው ከስንቃቸው ማር በቂጣ ቀብተው ሰጡኝ።

ሰቆጣ

አሥራ ስምንት ቀን ከሰዓት በኋላ ሰቆጣ ገባን። በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ጠባብ መንገድ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰውና ፍየል። ምሕረቱ ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል። ይቆጣኛል ብዬ ቃል ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ እሱ ግን አቅፎ ሳመኝና «ከስተሃል፤ ሾርባ የሚሠራልህ አጣህ?» አለኝ።

ቤቱ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ደብተር አየሁ። ከስዊድንኛ ወደ አማርኛ የሚያዘጋጀው የቃላት መጽሐፍ ነው፤ ማኅበሩ ሊያሳትምለት ቃል ገብቶ ነበር። ገለጥኩት። ከመካከል ላይ አንድ ቃል ተጽፎ ትርጉሙ ባዶ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው።

«እዚህ ላይ እያለሁ ደብዳቤህ ደረሰኝ» አለ። የመሰረዣውን ደብዳቤ ማለቱ ነው። ወረቀቴን ከቦርሳ ለማውጣት አፈርኩ።

ማግሥቱ ገብርኤል ነው፤ ምሕረቱ የገብርኤል ማኅበርተኛ ስለሆነ ይዞኝ ሄደ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በተረኛው ቤት ሃያ የምንሆን ሰዎች ተቀመጥን። ሙሴው፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ አባ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጸሎት አድርሰው ድፎውን መቁረስ ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ከሰጡ በኋላ ስም እየጠሩ አራት ቁራሽ በነጠላ ላይ ለብቻ አስቀመጡ። ዘግይቶ የገባ አንድ ሰውዬ ጧፍ እንዲያመጣ ተፈረደበት፤ እየሳቀ ተቀበለ።

የጸሐፊነት አመሌ አላስቀመጠኝም። «እነዚያ አራቱ የማን ናቸው?» አልኳቸው።

«ያልመጡት። አንዱ ታሟል፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ናቸው። ያኛው ፍየሎቹን ይዞ ከእኛ በታች ወዳለው ቆላ፣ ወደ ዝቋላ፣ ከወረደ አራት ዓመቱ ነው። ጎረቤቱ ለሚስቱ ያደርስለታል።»

«አራት ዓመት ሙሉ? እስከ መቼ ነው የሚቀመጥለት?»

«እስኪመጣ ነዋ።»

«ካልመጣስ?»

«ልጁ ይመጣል።»

«የዘገየውን ግን ቀጥተውታል።»

«እሱማ መጥቷል፤ ሰነፍ ስለሆነ ነው። ያልመጣ ሰው ግን ምን እንዳገኘው ሳይታወቅ ምን ይባላል? ሰው ተልኮ ይጠየቃል እንጂ።» ቢላዋውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዘወር አሉ። «የእናንተም ማኅበር እንዲሁ አይደል? ምሕረቱ የቀረ ጊዜ ማን መጥቶ ጠየቀው?»

ነገሩን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምሕረቱ ቀድሞኝ «ይኸው መጥቷል፣ አባባ» አላቸው። ሊያድነኝ ነው እንዲህ ያለው። የባሰ አቃጠለኝ።

ከዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ ወረቀቱን አወጣሁ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ማኅበሩ በእሱ ፊርማ እንደሚተርፍ፣ ያለ እሱ እንደሚፈርስ። ቆሞ አነበበው።

«ይቅርታ ከፈለግህ ሰጥቼሃለሁ» አለ። «ይህን ግን አልፈርምም። እኔ አልወጣሁም። ያልወጣ ሰው ልግባ ብሎ ያመለክታል?»

«ማኅበሩ ይፈርሳል እኮ፣ ምሕረቱ።»

«አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። አንተ ግን ደብዳቤዬን በእጅህ ይዘህ ነበር።»

የምመለስ ዕለት ጠዋት አንድ ቋጠሮ ሰጠኝ። በውስጡ ሰባት የድፎ ቁራሽ ነበረ። በማኅበሩ ዕለት ማታ ሄዶ አባ ፈንታን «የሩቅ ማኅበርተኞች አሉኝ፣ አልመጡም» ብሏቸው፣ ምንም ሳይጠይቁ ቆርሰው ሰጥተውታል።

መመለስ

የመልሱ መንገድ አጠረብኝ። አያ ስዩም ደኅና መሆኔን ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ጸለሪ ዳር ስለ ደብዳቤው እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም «እንግዲህ እኔስ አድርሻለሁ» ብለው በቅሎዋን ነዱ።

በየካቲቱ ስብሰባ ሰባታችንም ተገኘን። ሊቀ መንበሩ «ፊርማው የታል?» አለ። ቋጠሮውን ፈትቼ ድርቅ ያለውን ድፎ በየፊታችን አስቀመጥኩና የሾላውን ዛፍ፣ የቅሉን፣ የዘጠኙን ቀን ነገር ተናገርኩ። አሰራረዙ ስሕተት ነበር፣ ስሕተቱም የእኔ ነው አልኩ። ሊቀ መንበሩ ቁራሹን በሻይ ነከረና «ውሳኔውን መሻር የሚችለው ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ እኛ ደግሞ ሰባት ነን» አለ። ልክ ነው። አንቀጹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው ሳይካሄድ ተበተንን፤ ከዚያ ወዲያ ስምንት ሆነን አናውቅም።

ቃለ ጉባኤውን ለመዝጋት ብቻዬን ቀረሁ። ተጉዤ የተማርኩት ነገር ቢኖር ያልመጣን ሰው ከመሰረዝ በፊት የሚመጣበትን መንገድ ማየት እንደሚገባ ነው፤ የተማርኩት ግን ለማኅበሩ በማይጠቅምበት ሰዓት ነበር። መዝገቡ ላይ «የተገኙ» ከሚለው ሥር ሰባት ስም ጻፍኩ። «በፈቃድ የቀሩ» ከሚለው ሥር ደግሞ ምሕረቱ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አምናም አይፈጅብኝም ነበር።